ጨረቃ የገባችበት ቤት

«የብሩክታይት ሥራ ነው እንጂ፣ የልጄ! ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጇ ላይ ያለ ጸጋ ነው።»

እታፈራሁ ይህን የሰማችው ማድ ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቦይና የሚሉትን የወላይታ ጎደሬ እየላጠች ሳለ ነው። ማድ ቤቱንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ በሳሎኑ ወገን በሲሚንቶ ተለስኖ ውኃ ሰማያዊ የተቀባ፣ በማድ ቤቱ ወገን ግን ጭቃው ረግፎ ማገሩ የሚታይ ነው፤ እንግዳ የሚያየው ፊት አምሮበታል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ደግሞ የተባለውን ሁሉ አንድ ሳይቀር ይሰማል። የተናገረው ታላቅ ወንድሟ ባዳቾ ነው። ባዳቾ ለእንግዳ ሲናገር ከደረቱ፣ ለቤተሰብ ሲናገር ከአፍንጫው ነው። አሁን ከደረቱ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ሥዕል ፊት ቆመው «ወይ የእግዚአብሔር ሥራ!» ይላሉ። ሥዕሉ ደግሞ የእታፈራሁ ነው። ክረምቱን ሙሉ፣ ግቢው ኋላ ባለችው ሰርቪስ ክፍል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ወገቧን በነጠላ ጠፍንጋ የሣለችው እሷ ናት።

ቢላዋዋ ቆመ። የባዳቾ ሚስት የትዕዛዝ ቢላዋ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ፈጠነ። «ሽንኩርት እኮ ትናንት ደግሞ ጨመረ» አለች ትዕዛዝ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ቅቤማ አይነሣ! ቅቤ ነው ብለው ሙዝ ለውሰው ይሸጡልሻል። ዳጣውን ጠበቅ ላድርገው እንዴ፣ እታፈራ? ሽማግሌዎቹ የሚያቃጥል ይወዳሉ።» ሰው የሚያውቀውን ነገር እንዳይጠየቅ ሲፈራ የገበያ ዋጋ ማውራት ይጀምራል። ትዕዛዝ ታውቅ ነበር ማለት ነው። አብረው ሲበሉ፣ አብረው ሲጸልዩ፣ ልብስ አብረው ሲያሰጡ ታውቅ ነበር። ባዳቾ ሥዕሉን ከሰርቪሷ ያወጣው «እዚህ ጨለማ ውስጥ ከሚቀመጥ ሳሎን ይታይልሽ» ብሎ ነው፤ እሷም እንደ ሞኝ ደስ ብሏት፣ ጨርቁ እንዳይጨማደድ አንዱን ጫፍ ይዛ፣ ግቢውን አብራው ተሸክማ አሻግራ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በልተው፣ ቤቱን ባርከው ሲወጡ እታፈራሁ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሳሎን ገባች። ሥዕሉ ሶፋው ላይ ተደግፎ ቆሟል። አቡጀዲ ላይ የተሣለ፣ ቁመቱ የሰው ደረት የሚደርስ ነው። ኮረብታ አለ፤ ከሶዶ በላይ ያለውን የዳሞት ተራራ የሚመስል፣ ግን ዳሞት ያልሆነ። ከኮረብታው ጫፍ አንድ ጥንት የነበረ ትልቅ የድንጋይ ቤት ፈርሶ ቆሟል፤ ምሰሶዎች፣ ግማሹ የወደቀ ቅስት፣ ወደ የትም የማያስገባ በር፣ ከደረጃው ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ እንሰት። ጣሪያ የለውም። በጣሪያው ቦታ ጨረቃ አለች። ጨረቃዋ ቀለም አልተቀባችም፤ እታፈራሁ ዙሪያውን በሰማያዊና በጥቁር እየሸፈነች ስትመጣ ለጨረቃዋ የሚሆን ክብ ቦታ ትታ፣ እርቃኑን ጨርቅ ነው ያስቀረችው። ስለዚህ ብርሃኑ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከሥር የሚመጣ ይመስላል።

እንዲህ ያለ ቦታ አይታ አታውቅም። ከጉኑኖ ሶዶ ከገባች ወዲህ ራቀች ቢባል ተበላ ከተማ ድረስ ነው የሄደችው፣ እሱም ለለቅሶ። ነገር ግን ልጅ ሳለች አባቷ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነብላቸው፣ ነህምያ በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን የኢየሩሳሌም ቅጥር ዞሮ እንዳየ ሰማች። «ሌሊት ከሆነ በምን አየ?» ብላ ጠየቀች። አባቷ «በጨረቃ ይሆናላ» አለና ንባቡን ቀጠለ። ሌሎቹ ልጆች አብረውት ቀጠሉ፤ እሷ ግን እዚያው ፍርስራሹ ጋ ቀረች። ይኸው እስከ ዛሬ ያንኑ ትሥላለች፤ አንዴ በኩሬ ዳር፣ አንዴ በገደል ጫፍ፣ አንዴ ጭጋግ ውስጥ። በወላይትኛ ጨረቃ አጊና ናት፣ ቤት ደግሞ ኬታ። በዚያ ግቢ የሥዕሎቿ ሁሉ ስም አንድ ነው። «አክስቴ፣ ዛሬም አጊና ኬታ ነው?» ትላታለች የወንድሟ ልጅ ብሩክታይት፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ብሩሽ እያጠበችላት። «አጊና ኬታ ነው እንጂ፣ ሌላ ምን አውቃለሁ?» ትላታለች እሷም፤ ይሳሳቃሉ።

ከታች በቀኝ በኩል፣ እንሰቱ ሥር፣ «እታፈራሁ ዳና» ብላ በነጭ የጻፈችበት ቦታ በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። ከጥቁሩ ላይ በተጠነቀቀ የተማሪ እጅ «ብሩክታይት ባዳቾ» የሚል ተጽፏል። ጥቁሩ ቀለም ራሱ ከእሷው ጣሳ የተጨለፈ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ባዳቾ መስታወት ፊት ቆሞ የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፍ ነበር። አልዞረም። «አየሽው እንግዲህ» አለ፣ ከአፍንጫው። «ዛሬ ከሰዓት የከተማው አዳራሽ ውስጥ የወጣቶች የሥዕል ውድድር አለ። ያሸነፈ አዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤት በነጻ ይገባል። ልጅቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት እንዳልመጣላት ታውቂያለሽ። ቤት ተዘግታ ስታለቅስ አይደል የከረመችው?»

«ታዲያ የራሷን ይዛ ትሂድ! አስተምሬአታለሁ፤ እጅ አላት።»

«የሷ አያሸንፍም።»

«የኔ ደግሞ የሷ አይደለም።»

«እና አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ከወጣት ጋር ልትወዳደሪ ነው?» አሁን ዞረ። «አቡጀዲውን የገዛሁ እኔ። የምትሥዪበት ክፍል የኔ። መብራቱን የምከፍል እኔ። ምንሽ ተወሰደ?»

«አቡጀዲ የገዛ ሰው ሥዕሉን ሣለ ከተባለ፣ በግ የገዛም ሰው በግ ወለደ ሊባል ነዋ!»

ከማድ ቤቱ በር ላይ የቆመችው ትዕዛዝ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ባዳቾ ግን ፊቱ ጠቆረ። ወደ እህቱ ቀረብ ብሎ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ያ ለስላሳ ድምፁ ደግሞ ከቁጣው የባሰ ነው፣ «ስም ምን ያደርግልሻል፣ እታፈራ?» አለ። «ስም አይበላ፣ አይለበስ። ልጅቷ ሰው ትሁን። ለቤተሰብ ብለሽ ዝም በይ። ብቻ አዳራሹ ድርሽ እንዳትዪ።» እንግዲህ ይህን የሚላት ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ወላጆቻቸው ስሟን ያወጡላት በእሱ አፍ ነበር፤ ወንድ ብቻ ሲወለድበት የከረመ ቤት ሴት ሲያይ፣ የበኩር ልጁ «እት አፈራሁ» እንዳለ አድርገው። ስም አይበላም ያላት ያው የስሟ ባለቤት ነው።

ብሩክታይት ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጉርድ ለብሳ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። በጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ቀለም ቀርቷል። «አክስቴ...» አለች። እታፈራሁ ልትጮህባት ፈልጋ አፏን ከፈተች፤ ያን ቀለም የያዘ ጥፍር ስታይ ግን መልሳ ገጠመችው። ነጠላዋን ከማድ ቤት አንሥታ ወጣች። ከኋላዋ ማንም አልጠራትም።

ከባዳቾ ቤት ወደ መሐል ከተማ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ባጃጆች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፏታል፣ ዳሞት ደመናውን እስከ ወገቡ ታጥቋል። እሷ ምንም አላየችም። ስትሄድ ከራሷ ጋር ትሟገት ነበር፤ ሰው ሲያያት ደግሞ የምትዘምር ለመምሰል ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሥዕሉን ስጪን ቢሏት ትሰጥ ነበር፤ ከዚህ በፊትም ለዘመድ ለጎረቤት ስትሰጥ ኖራለች። የሚያንገበግባት መሰጠቱ አልነበረም። ያን ሁሉ ክረምት ስትኖርበት የነበረውን ቤት፣ ከውስጡ እሷን ጎትተው አውጥተው፣ በሩን ዘጉባት። የገዛ ቀለሟን ተጠቅመው።

ድሮ ትሠራበት የነበረው ፎቶ ቤት ጎን ሳሊሃ የምትባል ወዳጇ ሻይ ትሸጣለች። ፎቶ ቤቱ አሁን ባነር ማተሚያ ሆኗል፤ ያኔ ግን ከሙሽራና ከተመራቂ ጀርባ የሚዘረጋውን መጋረጃ ሁሉ የምትሥለው እታፈራሁ ነበረች። ባለቤቱ ፏፏቴና ጽጌረዳ ሣዪ ይላታል፤ እሷ ፏፏቴውን ሣለች ብሎ ሲመጣ ከፏፏቴው ጀርባ የፈረሰ ቅስትና ጨረቃ ያገኛል። «አንቺ ሴትዮ፣ ሙሽራ ፍርስራሽ ፊት ቁም ይባላል?» እያለ ይጮህባታል። ሙሽሮቹ ግን ወደውት ይቆሙ ነበር። ዛሬ በሶዶ ስንቱ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በተሰቀለ የሠርግ ፎቶ ጀርባ፣ የእታፈራሁ ፍርስራሽ አለ! ማን ሣለው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። መጋረጃ ነዋ።

ሳሊሃ ሳንቡሳ በጋዜጣ እየጠቀለለች ቀና ብላ አየቻት። «ምነው ፊትሽ? ማን ሞተ?»

«እኔ» አለች እታፈራሁና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ሁሉንም ነገረቻት። ሳሊሃ በየመሐሉ «አስታግፊሩላህ!» ትላለች፣ ስኳር ያልጠየቃትን ደንበኛ ሻይ በስኳር ትሞላለች። እሷም የራሷ ቁስል አለባት። ከከተማው ጫፍ በነበራት ጎጆ ላይ በዚሁ ክረምት ዶዘር መጥቶባታል። ያለ ፈቃድ፣ በሌሊት ተደብቀው የተሠሩ ናቸው የሚባሉትን ቤቶች ከተሜው ጨረቃ ቤት ይላቸዋል፤ የሷም ጨረቃ ቤት ነው ተብሎ ከጎረቤቶቿ ቤት ጋር ተደረመሰ። «ጨረቃ መቼ ምስማር መታች?» ትላለች ሳሊሃ ነገሩ በተነሣ ቁጥር። «እኔና ሟቹ ባሌ በጠራራ ፀሐይ ነው የሠራነው፤ ጭቃውን የረገጠው ሰፈሩ ሁሉ ነው። የተደበቀ ነገር ከነበረ የነሱ ዓይን ነው የተደበቀው።» አሁን ግን የራሷን ትታ የወዳጇን ያዘች። ፔርሙሶቿን አሰልፋ ክዳናቸውን እያጠበቀች፣ «ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ሻይ የማቀርበው እኔ ነኝ» አለች። «ፔርሙስ የሚሸከምልኝ ሰው አጥቻለሁ።»

«ድርሽ እንዳትዪ ብሎኛል እኮ።»

«እታፈራሁ ድርሽ እንዳትል ነው ያለው። ሻይ ተሸካሚ አላለም። ሻይ ተሸካሚን ደግሞ ማን ያያል፣ እህቴ?»

እውነቷን ነበር። አዳራሹ በር ላይ እንግዳ የሚቀበሉት ልጆች ሁሉን ሰው «ሃሹ፣ ሃሹ! እንኳን ደኅና መጣችሁ!» እያሉ ሲያስገቡ፣ እነሱን ግን «በጓሮ በር!» አሏቸው። ውስጡ ሞልቷል። ወላጆች፣ መምህራን፣ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከኋላ ደግሞ ልጆቻቸውን ሊያዩ የመጡ የሰፈር ሰዎች። በግድግዳው ዙሪያ ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ የበሬ ጠብ፣ ባንዲራ፣ እናት ልጇን ስታጠባ። ከሁሉም መሐል፣ ትልቁ ቦታ ላይ፣ የእሷ። እዚያ ብርሃን ውስጥ ስታየው የራሷን ልጅ በሌላ ሴት ጀርባ ታዝሎ እንዳየች ሴት ሆነች። ባዳቾ ከፊት ወንበር ላይ በከረባት ተቀምጧል። ዞር ሲል አያት። ፔርሙሷን አየ፣ ነጠላዋን አየ፣ ዓይኑን አፈጠጠባት፤ ከዚያ ጎኑ ያለው ሰው ሲያናግረው ወዲያው በጥርሱ ሳቀ። እታፈራሁ የሰውየውን ብርጭቆ ሞላች፤ የወንድሟን ግን ባዶውን ትታው አለፈች።

ልትናገር ነበር የመጣችው። ንግግሩንም መንገድ ላይ አዘጋጅታዋለች። ነገር ግን ብሩክታይት ሥዕሉ አጠገብ ቆማ፣ እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ አየቻት። ያቺ ልጅ ክረምቱን ስታለቅስ የምታለቅሰው እሷው አልጋ ላይ ነበር። ፈተናው የብዙ ልጅ ቤት ዘግቷል፤ ይህች አንዲት በር ናት። እኔ ከጮህኩ፣ አለች በልቧ፣ የሚዘጋው የባዳቾ አፍ ሳይሆን የዚህች በር ነው። ንዴቷን ዋጠችው። ትኩስ ድንጋይ የመዋጥ ያህል ነበር፤ ግን ዋጠችው።

የክብር እንግዳው አቶ መክብብ የግንባታ ጉዳይ የሚመለከታቸው ኃላፊ ናቸው። ወደ ሶዶ የመጡት ተመድበው ነው፤ በክረምቱ ዶዘሮቹ ሲሄዱ በመኪና ከፊት ሆነው ይመሩ የነበሩት እሳቸው መሆናቸውን ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያዩ መጡና የፍርስራሹ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። ራቅ ብለው አዩት፤ ቀርበው አዩት። በእውነት ወደውት ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ማይኩን ተቀበሉ። «ይህ ነው ማንነት!» አሉ። «የጥንት አባቶቻችን የድንጋይ ጥበብ! ይህን የመሰለ ቤት ማን አፈረሰው? ጊዜ! ጊዜ ነው ያፈረሰው። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ቅርስ እንጠብቃለን።» ተጨበጨበ።

«ጊዜ ነው አሉ» አለች ሳሊሃ በእታፈራሁ ጆሮ። «ጊዜ መንጃ ፈቃድ አወጣ እንዴ?»

አቶ መክብብ ወደ ብሩክታይት ጎንበስ አሉ። «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ። ለመሆኑ ርዕሱ ምንድን ነው?»

ባዳቾ ለዚህ ጥያቄ አስጠንቷታል። «ጥንታዊ ፍርስራሽ በጨረቃ ብርሃን» በይ ብሎ፣ ጠዋት ሙሉ እንደ ቃል ጥናት ጥቅስ አስደግሟታል። ልጅቷ ግን አፏን ስትከፍት ያ የተጠናው ነገር ጠፋባት። የማይክ ጩኸት፣ የሰው ዓይን፣ ከፔርሙሱ ኋላ የቆመችው አክስቷ። የጠፋ ቃል ሲፈለግ የሚገኘው የቤት ቃል ነው። «አጊና ኬታ» አለች።

ኃላፊው ወላይትኛ አያውቁም፤ ፈገግ አሉ። «አማርኛውስ?»

«የጨረቃ ቤት።»

እታፈራሁ ራሷ ደንግጣ ቆመች፤ በቤት ቋንቋ ያን ስም ስትጠራው ኖራ፣ በአማርኛ አንድ ቀን እንኳ አንሥታው አታውቅም፤ ሁለቱ ቃላት አሁን ሲገጥሙ እንደ ማንም ሰው እዚያው ሰማችው። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተቀበለው። «እውነቷን ነው!» አለ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ። «በሩን አውቀዋለሁ፣ የኔው በር ነው!» «ምሰሶውስ? የኛ ግንብ አጥር አይደል?» «እኛስ ቅርስ ሆነን ቀረን፣ እልል በሉ!» አንዲት ሴት የምር እልል አለች። ጭብጨባው ለአቶ መክብብ ከተጨበጨበው በለጠ፤ ሌላ ዓይነት ጭብጨባ ነበር፣ ጥርስ የተነከሰበት። ሳሊሃ ብቻ አልሳቀችም፤ ሥዕሉን፣ በሥዕሉ ውስጥ ወደ የትም የማያስገባውን በር፣ እንደ አዲስ ታየው ነበር፤ ሳንቡሳ የያዘው እጇ አየር ላይ ቀርቷል።

የአቶ መክብብ ፊት ተለወጠ። ማይኩን ወደ ጎን አድርገው፣ ግን ሁሉ እንዲሰማ፣ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉ ልጅቷን። «ከኋላሽ ማን አለ? ለሥዕል ነው የመጣሽው ለቅስቀሳ?» ብሩክታይት እንባዋ ወረደ። ይሄኔ ባዳቾ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ልጄ ምንም አታውቅም!» አለ። ድምፁ ከደረቱም ከአፍንጫውም አልነበረም፤ ከየት እንደወጣ እንጃ። «የሷ ሥራ አይደለም! ስሟን ብቻ ነው የጻፈችበት። የእህቴ ነው፣ ያቻትላችሁ፣ ያቺ ሻይ የያዘችው! እሷ ናት የሣለችው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እሷ ናት!»

ስሟን ከጨርቅ ላይ በልጁ እጅ ያስጠፋ ሰው፣ አሁን በሕዝብ ፊት በሙሉ ድምፁ መለሰላት። ስም አይበላም ያላትን ስም፣ ሲያቃጥል ጊዜ ወረወረላት። እታፈራሁ ፔርሙሱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሰዉ ዞሮ አያት። በዕድሜዋ ሙሉ ሥዕሏን ሲያዩ የነበሩ ሰዎች፣ እሷን ሲያዩ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አቶ መክብብ ነገሩ ከእጃቸው እንዳይወጣ ፈለጉ። ወደ እሷ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወይዘሮ፣ እርስዎ የተከበሩ እናት ይመስላሉ። ይህ የትርጉም ስሕተት ነው፣ አይደል? ልጅቷ ደንግጣ ነው። ስሕተት ነው ይበሉ፣ ርዕሱ ይስተካከል፣ ውድድሩም ይቀጥል። ማንም አይጎዳም።»

እንግዲህ ነገሩ እውነትም ስሕተት ነበር። ነህምያን ብታነሣ፣ አባቷን ብታነሣ፣ አጊና ማለት ጨረቃ ናት ብላ ብታስረዳ ሁሉም ያምኗታል፤ ወደ ቤቷም ትገባለች። ባዳቾ ከኋላቸው ሆኖ «በይ! በይ እንጂ!» እያለ በእጁ ይለምናታል። እሷ ግን ሳሊሃን አየቻት። ሳሊሃ አሁንም ያን በር እያየች ነበር። የፈረሰ ቤት ስትሥል ኖራ፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ሻይ ሲቀዳላት አላየችውም! ይህም ቆጫት። ንዴቷ ደግሞ፣ ጠዋት ለራሷ የነበረው ያ ንዴት፣ ሰፍቶ ለሌላም በቃ።

«ስሕተት የለበትም» አለች። ያለ ማይክ ነበር፤ ግን ተሰማ። «ቤቱ የጨረቃ ነው። ሰው ሠርቶት ነበር፣ የሰው ነበር። ጣሪያውን ካነሣችሁበት በኋላ ከጨረቃ ሌላ ማን ይግባበት?»

አዳራሹ ፈላ። አቶ መክብብ ከእርስዎ ወደ አንቺ ወረዱ። «አንቺ ሴትዮ፣ የምትናገሪውን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ልጅቷን ተዋት፣ እሷ ምንም አላለችም። ሥዕሉ የኔ ነው፣ ቃሉም የኔ ነው።»

ሥዕሉ እንዲወርድ ታዘዘ። የዝግጅቱ ጸሐፊ የሆነ ያሬድ የሚባል መነጽራም ልጅ ከሌላ ሰው ጋር አወረደውና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው፤ ጀርባው ባዶ አቡጀዲ ነው። «ስሟን መዝግብልኝ» አሉት አቶ መክብብ ኮታቸውን እየሳቡ። «ሰኞ ቢሮ ትቅረብ።» ከዚያም በፊተኛው በር ወጡ። ባዳቾ በሳሊሃ ፔርሙሶች መሐል እየተደናቀፈ መጣና በእታፈራሁ ጆሮ፣ «ዛሬውኑ ሰርቪሱን ትለቂያለሽ» አላት። «ልጄን ገደልሻት።» የመለሰችለት ሳሊሃ ናት፦ «ትለቃለች። አሁን በተከራየሁት ክፍል አንድ ፍራሽ አለ፤ ጠባብ ነው፣ ግን ስም አይፋቅበትም።»

ያሬድ ወረቀት ይዞ ጠረጴዛው ጋ ቆመ። አፍሯል፤ ማፈሩም ያስታውቃል። «ሙሉ ስም፣ እናቴ?»

«እታፈራሁ ዳና።»

ጻፈ። «ሥራ?»

«ሥራ የላትም» አለ ባዳቾ ከኋላ። «እኔ ነኝ የማኖራት።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ። እታፈራሁ ለመናገር ትንፋሽ ስትስብ ብሩክታይት ከሥዕሉ አጠገብ መጣች። ዓይኗ አብጧል፣ ሸሚዟ በእንባ ረጥቧል። አባቷን በጎኑ አልፋ፣ አክስቷ አጠገብ ቆማ፣ ቀለም የቀረበትን ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሠዓሊ ናት ብለህ ጻፍ» አለች።

ያሬድ ልጅቷን አየ፣ አባቷን አየ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ የዞረውን ሥዕል አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ከልቡ ተጨንቆ፣ «በየትኛው ሠ ነው የሚጻፈው?» ሲል ጠየቀ።

«በንጉሡ ሠ» አለች ብሩክታይት።

«ደመቅ አድርገህ ጻፈው» አለች እታፈራሁ።